ለታዳጊ አንባቢ ልብ ወለድ እንዴት እንምረጥ?



በየቤታችን ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል የሚማሩ ታናናሾች አሉን። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተረት በጉጉት ሲያነቡ ቆይተው፣ በዚህ ዕድሜ ሲደርሱ መጽሐፍ ይተዋሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ንባብ አይወዱም» ይባላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የአንባቢው ሳይሆን የመራጩ ነው። የልጅ መጽሐፍ አንሷቸው፣ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ደግሞ ገና ከብዷቸው ሳለ፣ እኛ የምናደንቀውን ድርሰት አንሥተን እንሰጣቸዋለን። ነገሩ ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲ አብረውን ከሚማሩት መካከል አንድ ልብ ወለድ ጨርሰው የማያውቁ አሉ፤ ሃያ ገጽ አንብቡ ሲባሉ ይጨነቃሉ። ስለዚህ በምርጫ ጊዜ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንበል።

1ኛ/ ከመጽሐፉ በፊት ልጁን እንጠይቅ። ጀብዱ የሚወድ፣ ሳቅ የሚወድ፣ የቤተሰብ ታሪክ የሚወድ አለ። ጀብዱ ለሚወድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መልካም ነው። አንዲት ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባትዋ ጋር የጠፋ ወንድምዋን ፍለጋ ትወጣለች። መጽሐፉ አጭር ነው፤ አማርኛው ግን የቆየ ስለሆነ ታላቅ ሰው አጠገብ ቢኖር ይጠቅማል። ከተረት ገና ላልተላቀቀ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ጥሩ መሸጋገሪያ ነው።

2ኛ/ የቋንቋውን ክብደት እንመዝን። ልጁ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ያንብብ። ያላወቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣቱን ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆይ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታላቅ ድርሰት ቢሆንም፣ በቃላቱ ክብደት ምክንያት ለጀማሪ አይመከርም።

3ኛ/ የሚወደድ ግን ረጅም መጽሐፍ ሲሆን መንገድ እንፈልግለት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ውፍረቱን አይቶ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ሁሉ ታሪኩን በጆሮው ጠግቧል። እኛም በቤታችን ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። የበዛብህን ወላጆች ታሪክ በራሳችን አነጋገር እንንገረው፤ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለን ማስተማር ከሚጀምርበት አካባቢ ጀምረን ጮክ ብለን እናንብብለት። ታሪኩ በጣፈጠ ቦታ ላይ አቁመን መጽሐፉን እንተውለት። የቀረውን ራሱ ይከታተለዋል።

4ኛ/ ጉዳዩ ከዕድሜው ጋር ይስማማ። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ሠዓሊ ለመሆን ባለው ምኞትና ቤተሰቡ በሚጠብቅበት መካከል ይጨነቃል። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ ለተቃረበ ወጣት የራሱ ጥያቄ ነው፤ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ሩቅ ነው። አንድን መጽሐፍ ለልጅ ከመስጠታችን በፊት እኛው አስቀድመን ብናነበው ይመረጣል።

5ኛ/ ያልጣመውን እንዲተው እንፍቀድለት። በግድ የተጨረሰ አንድ መጽሐፍ አሥር መጽሐፍ ያስጠላል። ሠላሳ ገጽ ያህል ሞክሮ ካልጣመው ይመልሰው፤ ሌላ ይውሰድ። ካነበበም በኋላ እንደ ፈተና «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሰው አናደደህ?» ብንለው ብዙ ያወራናል።

መጽሐፍ ውድ ነው የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው። ሆኖም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ አዲስ አበባ ላለን ደግሞ ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት አሉ። የመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችም አሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን እያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ አምጥተን መለዋወጥ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እኛም ታናሹን ከሚስማማው መጽሐፍ ደጃፍ እናድርሰው፤ ማንበቡ የእሱ ፈንታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ) መጀመሪያ ወደህ ወይም ወደሽ የጨረስከው/የጨረስሽው ልብ ወለድ የትኛው ነው? ማን ሰጠህ/ሰጠሽ?
ለ) በቤታችሁ ያለው ታዳጊ ምን ዓይነት ታሪክ ይወዳል? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?
ሐ) ለመለዋወጥ በሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን መጽሐፍ ታመጣላችሁ?