በአምቦና በአካባቢው የሕክምና ተቋማት የታካሚ አጠራር

በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ፣ ምርመራ ብዙ ጊዜ በሁለት ቋንቋ ይካሄዳል፤ ታካሚው ሕመሙን በአፋን ኦሮሞ ሲናገር ባለሙያው አንዳንዴ በአማርኛ ይጠይቃል። የአክብሮት አጠራር የሚፈተነው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

በአማርኛ «እርስዎ» የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግሱም «ይቀመጡ» ሲል ከብዙዎቹ «ተቀመጡ» ይለያል። በአፋን ኦሮሞ ግን «ኢሲን» ለብዙ ቁጥርም ለአክብሮትም ያገለግላል። አንዲት አዛውንት ከልጃቸው ጋር ቀርበው «ማልቱ ኢሲን ዹኩባ?» (ምን ያምዎታል?) ሲባሉ፣ ጥያቄው ለማን እንደሆነ የሚያመለክተው የጠያቂው ዓይን ነው። ባለሙያው ካርዱን እያየ ከጠየቀ ልጅየው ይመልሳል፤ ተከታዩ ጥያቄም «መቼ ጀመራቸው?» ይሆናል። ሰዋስዉ አክብሮትን አላጓደለም፤ ታካሚዋ ግን ከንግግሩ ወጥተዋል። እናት በወንድ ልጅ ፊት የማታነሣው የማሕፀን ሕመም በዚህ መንገድ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል።

ብራውንና ጊልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአክብሮት ተውላጠ ስምን ከሥልጣንና ከቅርበት ጋር አያይዘውታል። እዚህ ግን ሦስተኛ ሰው፣ አስታማሚው፣ አለ።

ስለዚህ ከተውላጠ ስሙ በፊት ስም መጥራት ይሻላል፦ «አዴ» ወይም «ወይዘሮ» ከታካሚዋ ከራሷ ስም ጋር። በካርዱ ላይ ሁለተኛው ስም የአባት ነውና «አቶ»ን ከእርሱ ጋር ማጣመር አባትን መጥራት ነው። «እማማ» ሞቅ ያለ ጥሪ ቢሆንም ሃምሳ ዓመት ያልሞላትን ሴት ሊያስከፋ ይችላል፤ ስሟ ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ ደግሞ አያስፈልግም።