ቀለሙ ሲበዛ፣ የታችኛው ክር

ጥያቄ፦ ጥጥ በተሞላ የአልጋ ልብስ ላይ በስፌት መኪና በአምስት ቀለም ክር አበባ እጠልፋለሁ። የታችኛው ነጭ ክር ከላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ቀለም በቀየርኩ ቁጥር የታችኛውንም ልቀይር? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ አይቀይሩ፤ መጀመሪያ ውጥረቱን ያስተካክሉ። ሁለቱ ክሮች የሚጠላለፉት ጨርቁ ውስጥ ነው፤ ውጥረታቸው ሲመጣጠን ቋጠሮው በጥጡ መሃል ይቀራል፣ ቀለሙም አይታይም። ነጠብጣቡ ከላይ ከወጣ የላይኛው ክር ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል ማለት ነው። ስለዚህ የላይኛውን ማጥበቂያ በጥቂቱ እያላሉ፣ ከዚያው ጨርቅና ጥጥ በተዘጋጀ ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ክሮች በውፍረት ስለሚለያዩ ለአንዱ ቀለም የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ነጠብጣቡ ኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእጅ ፍጥነት ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ረጋ ይበሉ። ነጩንም ከአምስቱ ጋር በሚቀራረብ መካከለኛ ቀለም ይተኩት።

«ቀለም ከቀለም ማመሳሰሉ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለቀጭን ጨርቅ፣ ወይም ጀርባውም ለሚታይ ሥራ እውነት ነው፤ ቋጠሮውን የሚደብቅ ውፍረት የለምና። ወፍራም ሥራ ላይ ግን ማመሳሰሉ የውጥረቱን ችግር ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ የላላ ስፌት ደግሞ ሲታጠብ ይፈታል። ጊዜ የሚቆጥበው በየአበባው ቀለም መለዋወጥ ሳይሆን አንዱን ቀለም በሁሉም አበባ ላይ ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎችን እጅ ቆመው ቢመለከቱ ብዙ ይማራሉ። ለድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ከጥጥ ክር ይልቅ ቀለሙን የሚይዘውን ፖሊስተር እመርጣለሁ።