በቲዩብ የጊታር አምፕሊፋየር ላይ የሚሰማን የ«ሽሽ» ድምፅ መቀነስ፦ ቲዩብ ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባ ምርመራ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በቲዩብ በሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር ላይ የሚሰማው የማያቋርጥ «ሽሽ» ድምፅ በአብዛኛው የሚነሣው ከመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ ነው። ይህ ጽሑፍ የታወቀ አንድ ንድፍ መነሻ አድርጎ የድምፁን ምንጮች በስሌት ያነጻጽራል፤ በአገር ውስጥ በቀላሉ የማይገኘውን ቲዩብ ከመለወጥ በፊት ያለ ወጪ ወይም በጥቂት ወጪ ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎችም በቅደም ተከተል ያቀርባል። የቀረቡት አኃዞች የስሌት ግምቶች እንጂ በመሣሪያ የተለኩ አይደሉም።

1. መግቢያ

የኤሌክትሪክ ጊታር በክብር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ኋላም በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች በተጫወቱ ባንዶች አማካይነት የዘመናዊ ሙዚቃችን አካል ሆኗል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲመሠርት የጊታር አምፕሊፋየር በአብዛኛው የሚሠራው በቲዩብ ነበር። ዛሬም ይህን ዓይነት መሣሪያ የሚመርጡ ተጫዋቾች አሉ። ይሁን እንጂ በዝግታ የሚጫወት ትዝታ በሐረግና በሐረግ መካከል ሰፊ ጸጥታ ስለሚተው በሌላ ዜማ የሚሸፈነው «ሽሽ» ድምፅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጎልቶ ይሰማል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ የሚኖር ተጫዋች አምፕሊፋየሩ ቢያስቸግረው ቲዩብ ከውጭ ለማስመጣት ይገደዳል። ችግሩ ከቲዩቡ ካልሆነ ግን ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን እንለውጥ?» ሳይሆን «ድምፁ ከየት ይነሣል?» መሆን ይገባዋል።

2. የድምፁ ምንጮች

በቅድሚያ «ሽሽ» ድምፅን ከ«እምም» ድምፅ መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በአገራችን የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ሳቢያ በ50 ወይም በ100 ኸርዝ የሚሰማ ወፍራም ድምፅ ነው። የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮችን መለወጥ የሚጠቅመው ለዚህኛው እንጂ ለ«ሽሽ» ድምፅ አይደለም።

የ«ሽሽ» ድምፅ የመጀመሪያ ምንጭ ሙቀታዊ ጫጫታ ነው። ጆንሰንና ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳዩት ማንኛውም ሬዚስተር በውስጡ ባሉ ኤሌክትሮኖች የሙቀት እንቅስቃሴ ምክንያት ቮልቴጅ ያመነጫል፤ መጠኑም በሬዚስተሩ ኦም፣ በሙቀቱና በፍሪኩዌንሲው ስፋት ብዜት ካሬ ሥር ልክ ያድጋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት የፌንደር ኤቢ763 ንድፎች፣ ጊታሩ በአንደኛው መግቢያ ሲሰካ ሁለት ባለ 68 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በትይዩ ሆነው 34 ኪሎ ኦም ይሰጣሉ። ይህ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስና በ20 ኪሎ ኸርዝ ስፋት 3.3 ማይክሮ ቮልት ገደማ ያመነጫል። የመጀመሪያው ቲዩብ 50 ጊዜ ሲያጎላው 165 ማይክሮ ቮልት ይሆናል፤ ተከታዮቹ ደረጃዎችም ይህንኑ ደጋግመው ያጎሉታል። የመጀመሪያው ደረጃ ወሳኝ የሆነው ስለዚህ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ይህን ይቀንሰዋልን? ሙቀቱ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ለውጡ 0.15 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለሆነ በጆሮ አይለይም።

ሁለተኛው ምንጭ በሬዚስተር ውስጥ ቀጥተኛ ከረንት ሲያልፍ የሚጨመር ትርፍ ጫጫታ ነው። ይህ በአሮጌ የካርቦን ድብልቅ ሬዚስተሮች ላይ ይበረታል። በቲዩቡ አኖድ ላይ ባለው የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 100 ቮልት ቢያርፍና ሬዚስተሩ በአንድ ቮልት 1 ማይክሮ ቮልት ትርፍ ጫጫታ በየዐሥር እጥፍ የፍሪኩዌንሲ ክልል ቢያመነጭ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ድምሩ 173 ማይክሮ ቮልት ይሆናል። 

ሦስተኛው ምንጭ ራሱ ቲዩቡ ነው።

3. ምንጩን ማግኘት

ማስጠንቀቂያ፦ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል። ውስጡን ከመንካት በፊት በተገቢ ሬዚስተር ማራገፍና ባዶ መሆኑን በመለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ምርመራው መሣሪያውን ሳይከፍቱ ይጀምራል። የአምፕሊፋየሩ ቮልዩም ወደ ዜሮ ሲወርድ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ካልጠፋ ከእርሱ በኋላ ነው። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ቲዩቦቹ ከቀዘቀዙ በኋላ የመጀመሪያው 12ኤኤክስ7 ቲዩብ በሌላ ቦታ ካለ ተመሳሳይ ቲዩብ ጋር ይቀያየራል። ድምፁ ከቀነሰ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው፤ እንደነበረ ከቆየ ግን በዙሪያው ያሉ ሬዚስተሮች ይጠረጠራሉ።

4. የመፍትሔ ቅደም ተከተል

ሀ) ያለ ወጪ፦ ብዙ ተጫዋቾች ድምፅ ለመቀነስ የጊታሩን ቮልዩም ይዘጋሉ። ባለ 250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሲግናሉን በግማሽ ሲቀንስ 64 ኪሎ ኦም ያህል በመግቢያው ላይ ይጨምራል፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን የሚታየው የፒክአፑ 7 ኪሎ ኦም ገደማ ብቻ ነው። ሲግናሉ 6 ዴሲቤል ሲወርድ ሙቀታዊው ጫጫታ ወደ 4 ዴሲቤል ይወጣል። የገመዱ ካፓሲታንስ ልዩነቱን ሊያጠብበው ቢችልም አቅጣጫው አይለወጥም፤ ስለዚህ የጊታሩን ቮልዩም ከፍቶ የአምፕሊፋየሩን መቀነስ ይመረጣል።

ለ) በጥቂት ወጪ፦ የመጀመሪያው ደረጃ የአኖድ ሬዚስተር ተመሳሳይ ኦም ባለውና ቮልቴጁንና ዋቱን በሚችል የሜታል ፊልም ሬዚስተር ይተካል። ይህ ጠቅላላውን ጫጫታ ሊቀንስ ይችላል። በሌሎች ቦታዎች ያሉትን ሁሉ መለወጥ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ሐ) በጥንቃቄ፦ የመግቢያውን 34 ኪሎ ኦም ወደ 10 ማውረድ፣ ፒክአፑ ተሰክቶ ሲሰላ፣ ሙቀታዊውን ጫጫታ ወደ 4 ዴሲቤል ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ ሬዚስተር የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባ ስለሚከላከል ከለውጡ በኋላ የጣቢያ ድምፅ ከተሰማ ወደ ነበረበት መመለስ ይገባል።

መ) በመጨረሻ፦ መቀያየሩ ጥፋቱን በቲዩቡ ላይ ካሳየ ብቻ ዝቅተኛ ጫጫታ ያለው ቲዩብ ይገዛል።

5. ማጠቃለያ

የ«ሽሽ» ድምፅን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ሙቀት እስካለ ሬዚስተር ጫጫታ ማመንጨቱን አይተውም። የሚቻለው የመጀመሪያው ደረጃ ከሚገባው በላይ እንዳይጨምር ማድረግ ነው። ለዚህም ከውጭ ከሚመጣው ቲዩብ በፊት የጊታሩ ቮልዩምና አንድ ርካሽ ሬዚስተር መመርመር ይኖርባቸዋል። ቀጣዩ ሥራ እነዚህን ግምቶች በቤተ ሙከራ በመለካት ማረጋገጥ ይሆናል።