ምክሩና መካሪው፦ ከሼክስፒር ቀልድና ቁም ነገር

እንግሊዛዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1564 ተወልዶ በ1616 ዐረፈ። ለአማርኛ አንባቢ ግን እንግዳ አይደለም። ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ ቋንቋችን መልሰውልናል። ለዛሬው ትምህርታችን ከ«ሐምሌት» አንድ ሰው መርጠናል፤ እርሱም የዴንማርክ ንጉሥ አማካሪ ፖሎኒየስ ነው።

ልጁ ላየርቲስ ወደ ፈረንሳይ ሊሄድ ሲነሣ ፖሎኒየስ መርቆ ምክሩን ይደረድርለታል፦ ያሰበውን ሁሉ እንዳይናገር፣ የተፈተነ ወዳጁን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ብዙ ሰምቶ ጥቂት እንዲናገር፣ ገንዘብ እንዳያበድርም እንዳይበደርም። ከጅቡቲ ልጁን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ ወላጅም ከዚህ ብዙ የራቀ አይናገርም።

ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ለብቻው ተነጥሎ ይጠቀሳል። ንባቡን የቀጠለ ግን ሌላ ነገር ያያል። አባት ሬይናልዶ የሚባል አገልጋይ ወደ ፓሪስ ልኮ የልጁን ጠባይ በስውር ያስጠናል፤ ወሬ ለማውጣት ሲልም በልጁ ስም ጥቂት ሐሜት እንዲነዛ ይፈቅዳል። ደግሞም በንጉሡና በንግሥቲቱ ፊት ስለ አጭር ንግግር ጥቅም ሲያስረዳ፣ ንግግሩ እጅግ ይረዝምና ንግሥቲቱ ወደ ፍሬ ነገሩ እንዲገባ ታሳስበዋለች። በመጨረሻም ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ሲያዳምጥ በሐምሌት ሰይፍ ይሞታል።

የሼክስፒር ቀልድ እዚህ ላይ ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ የሚያስቀው መካሪው የማይኖርበት መሆኑ ነው። በእኛ ሰምና ወርቅ ብናየው፣ ሰሙ አባት ለልጁ የሰጠው ምክር ነው፤ ወርቁ ደግሞ ልጁን ያላመነ አባት ነው። የሚያሳዝነውም ሬይናልዶ ወደ መድረክ ሳይመለስ መቅረቱ ነው፤ ስለላው ምን እንዳተረፈ አንሰማም። የተጠረጠረው ላየርቲስ ግን የአባቱን ሞት ሲሰማ ከፈረንሳይ ገሥግሦ ይመጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ ጥቅስ ስታገኙ ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረውና ተናጋሪው እንደኖረበት ጠይቁ። ነገር ግን መካሪው ስላልኖረበት ብቻ ምክሩን አትጣሉት። ብዙ ሰምቶ ጥቂት መናገር ከፖሎኒየስ አፍ ቢወጣም መልካም ነው።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን አማርኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ዐረብኛ በሚሰማበት ከተማ ያድጋሉ። የሁሉንም ወሬ ተከታትለን አንዘልቀውም። ስለ ልጃችን ጎረቤትና ጓደኛ ከመጠየቃችን፣ ስልኩንም በስውር ከመበርበራችን በፊት ራሱን ፊት ለፊት እንጠይቀው፤ መልሱንም ሳናቋርጥ እንስማው። ይህ እኛን መምህራንንም ይመለከታል፤ ልጅ ከቃላችን ይልቅ ሥራችንን ያነባልና።

የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ አዘውትሮ የሚነገር አንድ ምክር ጻፉ። ምክሩ በተግባር የታየበትንም አንድ ቀን ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አክሉበት።