ትምህርት አሥራ አራት፦ መመሪያ አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተመልክተናል። አሁን የምንማረው መመሪያ ከሁለቱም የሚለይበት ነገር አለው። ትረካ ቢበላሽ አንባቢው ይሰለቻል፤ መጽሐፉንም አጥፎ ያስቀምጣል። መመሪያ ቢበላሽ ግን አንባቢው የተጻፈውን አምኖ ስለሚሠራ እጁን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ምን እንደተባለ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ነገር ከየትኛው በፊት እንደተባለ አስተውሉ።

ለ. ምንባብ፦ አንቴና በአቃቂ ቃሊቲ

አቃቂና አንቴና የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ አቃቂ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ተሠርቶ ነበር። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትሰናዳበት ጊዜ፣ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው።

በዛሬው አቃቂ ቃሊቲ የአንቴና ጉዳይ የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው። አካባቢው የፋብሪካና የመጋዘን አገር ነው። የመጋዘኑ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግድግዳውም እንደዚያው ነው። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ የብረትን ግድግዳ አልፎ አይሄድም፤ ሲነካው ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ በር ላይ ደኅና ይሠራ የነበረው የእጅ ስልክ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ይደነቁራል። ዕቃ ተረካቢው ከሾፌሩ ጋር ለመነጋገር በየጊዜው ወደ ደጅ ይሮጣል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የሚቀርበው በገበያ ላይ «ቡስተር» እየተባለ የሚጠራው የሞገድ ማጉያ ነው። መሣሪያው ሦስት ክፍል አለው፤ ከጣራ በላይ የሚቆም የውጭ አንቴና፣ ማጉያው ራሱና በቤት ውስጥ የሚሰቀል ሁለተኛ አንቴና። ሦስቱን የሚያገናኛቸው የአንቴና ገመድ ነው። ሁለቱ አንቴናዎች እጅግ ከተቀራረቡ የውስጡ የሚያወጣውን ሞገድ የውጭው መልሶ ይቀበለዋል። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚያሰማውን ጩኸት ታውቃላችሁ፤ ይህም የዚያው ዓይነት ጩኸት ነው፤ ልዩነቱ በጆሮ አለመሰማቱ ነው። የሚታወከውም የባለ ቤቱ ስልክ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ስልክ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመግዛት በፊት የስልክ አገልግሎት ሰጪውን ድርጅትና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1148 ነው። ደግነቱ፣ ችግሩን ያመጣው ቆርቆሮ እዚህ ላይ ይረዳል፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ሆኖ ይጋርዳቸዋልና።

እንግዲህ ዋናው አደጋ ከጣራው ላይ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ሰማይ ላይ የመብራት መስመር የማያልፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ከጊቤ ሦስት የሚነሣው ኃይል በ400 ሺህ ቮልት መስመር ተጉዞ የሚደርሰው አቃቂ ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። በየመንደሩ በምሰሶ ላይ ተዘርግቶ የምታዩት ሽቦም 15 ሺህ ቮልት ሊሸከም ይችላል። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት እንኳ ሰው ለመግደል ይበቃል። ሽቦው ላይ ወፍ ተቀምጦ ስታዩ አትታለሉ፤ ወፉ መሬት አልነካም፤ ቱቦ ይዞ በመሰላል ላይ የቆመ ሰው ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ ደግሞ ሳይነካም ቢሆን ወደ ቀረበው ብረት ሊዘል ይችላል።

መሰላል ከማቆማችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ። አንቴናው ከነቱቦው ስንት ሜትር እንደሆነ ለኩ። ቱቦው 4 ሜትር ከሆነ ከመስመሩ ቢያንስ 8 ሜትር ርቃችሁ ትከሉ፤ ይህም በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ሽቦውን እንዳይነካ ነው። ይህን ያህል ቦታ ካልተገኘ ሥራው ለባለሙያ ይተው። የብረት መሰላል አትጠቀሙ። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ አንድ ሰውም ከሥር ይያዘው። ቆርቆሮ ላይ ስትራመዱ የሚስማሩን መስመር ተከተሉ፤ ከሥሩ ሞራሌ ስላለ ይሸከማችኋል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ግን ባዶ ነው።

ቱቦው ሚዛኑን ስቶ መውደቅ ከጀመረ ልቀቁት። ሰው የያዘውን ዕቃ ለማዳን መጣጣሩ ተፈጥሮው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም ይኸው ነው። ቱቦው ሽቦ ላይ ከወደቀ፣ ወይም ሰው ከተያዘ፣ ማንም በእጁ አይንካው። በ905 ለመብራት ኃይል አገልግሎት ደውሎ መስመሩን ማስቆረጥ ይቀድማል።

ቱቦው በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይያያዝ፤ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ይደረግለት። ሆኖም ይህ ጉዳትን ይቀንሳል እንጂ መብረቅን አያስቀርም። በክረምት ጣራ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራውን በማለዳ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ነጎድጓድ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነውና። ድምፁ ከተሰማ ወዲያው ውረዱ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትመለሱ።

ሐ. ስለ ቅደም ተከተል

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ከአንድ ሱቅ አንቴና ገዝቶ መጣ። ከዕቃው ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነበረው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር «ቱቦውን ቀጥ አድርገህ አቁም» ይላል። አራተኛው «ይህን ከማድረግህ በፊት በአቅራቢያው የመብራት መስመር አለመኖሩን አረጋግጥ» ይላል። ጎረቤቴ ሥርዓት ያለው ሰው ስለነበረ ወረቀቱን እየተከተለ ሠራ። አራተኛውን ሲያነብ ቱቦው ተደግፎ የቆመው በሽቦው ላይ ነበር። ያተረፈው፣ ያን ቀን መብራት በመጥፋቱ ነው።

ወረቀቱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረም። የፊደል ግድፈትም አላገኘሁበትም። ጥፋቱ «በፊት» የሚለው ቃል በኋላ መምጣቱ ነው።

መ. ሰዋስው

1. ትእዛዝ አንቀጽና አሉታው። ትእዛዝ አንቀጽ ለሁለተኛ መደብ ይነገራል፤ ንካ፣ ንኪ፣ ንኩ። አሉታው «አት» ከፊቱ ይጨምራል፤ አትንካ፣ አትንኪ፣ አትንኩ። በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሲሆን «ተ» ይዋጣል፤ ተጠጋ - አትጠጋ፣ ተደገፍ - አትደገፍ። ለአክብሮት «ይንኩ፣ አይንኩ» እንላለን። ለሦስተኛ መደብ ዘንድ አንቀጽን እንጠቀማለን፤ ይራቅ፣ ይያዘው፣ አይንካው።

በየግድግዳው «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ እናያለን። ይህ አጻጻፍ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከልካይ መኖሩን እንጂ የተከለከለበትን ምክንያት አይናገርም። «አትንኩ፤ ይገድላል» ቢባል የአንባቢው እጅ ፈጥኖ ይመለሳል።

2. ቦዝ አንቀጽ። ቦዝ አንቀጽ ከማሰሪያው በፊት የተፈጸመውን ሥራ ያመለክታል። «አንቴናውን ከማጉያው ጋር አገናኝተህ መብራቱን አብራ» እና «መብራቱን አብርተህ አንቴናውን ከማጉያው ጋር አገናኝ» የሚሉት ቃላታቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው ይለያያል። ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው።

3. «ሳ» ከአሉታ ጋር። ይህ ከሁሉ የሚያሳስት ነው። የሚከተሉትን አነጻጽሩ፦

ማጉያውን ከሶኬት ሳትነቅል ገመዱን አትፍታ።
ማጉያውን ከሶኬት ሳትነቅል ገመዱን ፍታ።

በመጀመሪያው ሁለቱ አሉታዎች ተደጋግፈው «መጀመሪያ ንቀል» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በሁለተኛው «አት» በመውደቁ ምክሩ ተገልብጧል። ስለዚህ መመሪያ ስትጽፉ ድርብ አሉታን መተው ይሻላል፤ «መጀመሪያ ማጉያውን ከሶኬት ንቀል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ፍታ» ማለት ይቻላል። ዐረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

4. ልክ የሌላቸው ቃላት። «ራቅ አድርጎ»፣ «ጠበቅ አድርጎ»፣ «በቂ ያህል» የሚሉት ለጨዋታ ይበቃሉ። ለመመሪያ ግን ሜትሩን፣ ደቂቃውን፣ ቁጥሩን ጻፉ።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ሦስት ትእዛዝ አንቀጾችና ሦስት ዘንድ አንቀጾች አውጡ። ትእዛዞቹን ወደ አሉታ ለውጡ፤ ትርጉሙ አደገኛ የሚሆንበትን ለይታችሁ አመልክቱ።

2. ቀጥሎ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ድርብ አሉታ በሌለበት መንገድ እንደገና ጻፉ።
ሀ) መሰላሉን ከሥር የሚይዝ ሰው ሳይኖር አትውጣ።
ለ) ነጎድጓዱ ሳያቆም ገመዱን አትንኪ።

3. «ራቅ» እና «ቶሎ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ፣ ከመኖሪያ ቤታችሁ አጠገብ የሚያልፈው የመብራት መስመር የት እንዳለ ለማያውቅ እንግዳ በስድስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ። መስመሩን ከመሬት ሆናችሁ ተመልከቱ እንጂ ለመለካት አትሞክሩ፤ ርቀቱን በእርምጃ ገምቱ።

4. የሚከተሉትን በትክክለኛ ቅደም ተከተል አስቀምጡ። በቦዝ አንቀጽ አያይዛችሁም አንድ አንቀጽ ጻፉ።
ሀ) ማጉያውን ሶኬት ላይ ሰኩ።
ለ) የውጭውን አንቴና ከቱቦው ጋር እሰሩ።
ሐ) በአካባቢው የመብራት መስመር መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።
መ) የመዳቡን ሽቦ ከቱቦውና ከተቀበረው ዘንግ ጋር አያይዙ።
ሠ) ሁለቱንም አንቴናዎች ከማጉያው ጋር አገናኙ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ለጎናችሁ ተማሪ ስጡ። እሱ ወይም እሷ አንዱን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ቀጣዩን በእጅ ይሸፍን፤ እስካሁን በተነበበው ብቻ ቢሠራ ምን ሊደርስበት እንደሚችልም ይንገራችሁ።