«ቢት ኢት» ማለት «ምታው» አይደለም

በዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርታችን በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም የማይገኙ፣ በፊልምና በዘፈን ግን ጠዋት ማታ የምንሰማቸውን አባባሎች እናያለን። ሁሉም ስለ መሄድ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ራሳችን ስንሄድ፣ ሌሎቹን ደግሞ ሰውን «ሂድልኝ» ስንል እንጠቀምባቸዋለን።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ደጋግመው ይጠይቁኝ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ «ቲቸር፣ ቢት ኢት ማለት ምታው ማለት አይደለም እንዴ?» የሚል ነበር። ቃል በቃል ከሄድን እውነታቸውን ነው። አባባሉ ግን «ከዚህ ዞር በል» ማለት ነው። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው «ትሪለር» በተባለው አልበሙ ውስጥ በዚህ ስም የዘፈነው ዘፈንም ስለ መማታት አይደለም፤ ጠብ ሲመጣ ትቶ መሄድን ነው የሚመክረው። «ምታው» ብሎ የተረጎመ ሰው ምክሩን ገለበጠው ማለት ነው!

1. ራሳችን ስንሄድ

«አይድ ቤተር ቢ ጎይንግ» ማለት «እንግዲህ ብሄድ ይሻላል» እንደ ማለት ነው። ለመምህርም ለእንግዳም ያስኬዳል።

«አይም ኦፍ» ደግሞ «በሉ ሄድኩ» ነው። ለጓደኛ ይሆናል።

«ሂት ዘ ሮድ» ማለት መንገድ መጀመር ነው። እዚህም «ሂት» መምታት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። «ፍኖት» በግዕዝ መንገድ ስለሆነ የፍኖተ ሰላም ልጅ ይህን አባባል ቢረሳ ይታዘቡታል! ለሌላ ሰው በትእዛዝ ሲነገር ግን «ውጣልኝ» ይሆናል። ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1961 በዘፈነው «ሂት ዘ ሮድ ጃክ» ውስጥ ጃክ የሚባረር ሰው ነው።

«ቴክ ኦፍ» ለአውሮፕላን ሲሆን መነሳት ነው፤ ለሰው ሲሆን ሳይታሰብ «እብስ ማለት» ነው።

2. ሌላውን «ሂድልኝ» ስንል

ከለስላሳው ወደ ኃይለኛው እንውጣ።

ሀ. «ሊቭ ሚ አሎን» — ተወኝ። «ፕሊዝ» ሲጨመርበት ይለዝባል።
ለ. «ባክ ኦፍ» — ራቅ በል። አላግባብ ለሚጠጋን ወይም ለሚጫነን ሰው ነው።
ሐ. «በዝ ኦፍ» — ዞር በል። «በዝ» የንብና የዝንብ ድምፅ ነው፤ ሰውየው እንደ ዝንብ አስቸግሯል ማለት ነው።
መ. «ቢት ኢት» እና «ስክራም» — ላሽ በል።
ሠ. «ጌት ሎስት» — ከዚህ ጥፋ። ይህ ቃል በቃል ከአማርኛው ጋር ይገጥማል፤ እንደ አማርኛውም ያስቀይማል።

3. አንቱታው የት ሄደ?

በአማርኛ አክብሮቱ ግሱ ውስጥ አለ። ሂድ፣ ሂጂ፣ ሂዱ፣ ይሂዱ እንላለን። እንግሊዝኛ ለአራቱም ያለው አንድ «ጎ» ብቻ ነው። ታዲያ አንቱታው ጠፍቷል? አልጠፋም፤ ወደ አባባል መረጣው ዞሯል። ለአብሮ አደግ «በዝ ኦፍ» ብንል ሊስቅ ይችላል። ለትልቅ ሰው ከተናገርነው ግን አንድ ሽማግሌ «ላሽ በል» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አባባሉን ስትሸመድዱ ለማን እንደሚባልም አብራችሁ ያዙ።

4. «ሂድ ወዲያ!»

አንድ ጓደኛችሁ «ከክፍል 1ኛ ወጣሁ» ሲላችሁ «ሂድ ወዲያ!» ትሉት ይሆናል። እያባረራችሁት አይደለም፤ ተገርማችሁ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ «ጌት አውት ኦፍ ሂር!» ይላል። ትርጉሙ «አትቀልድ!» ነው። መባረር ይሁን መገረም የሚለየው ድምፁና ፊቱ ነው።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ብዙ የገጠር ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከወላጆቻቸው ርቀው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ሲማሩ አይቻለሁ። አንዲት ተማሪ የማትፈልገው ሰው ሲጫናት፣ አፍራ እየሳቀች «ሂድ ወዲያ!» ብትለው ቀልድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አያስፈልግም። በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ አጭርና ግልጽ ቃል ምረጡ፤ «ተወኝ፣ አልፈልግም» በሉ። ፈገግታ አትጨምሩበት። ቃሉ ካልሠራ ቦታውን ለቃችሁ ሂዱ፤ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ። ጥሎ መሄድ ፈሪነት አይደለም። ወንዶችም ስሙ፦ «ሊቭ ሚ አሎን» የተባለ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም፤ ይሄዳል። እየሳቀችም ብትናገረው እንኳ ቃሉ ያው ነው።

መልመጃ

ለእያንዳንዱ ተስማሚውን አባባል ምረጡ።

1. ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። የልብ ጓደኛችሁ ወደ ባሕር ዳር፣ እናንተ ወደ ነቀምት ስትለያዩ ምን ትላላችሁ?
2. እንግሊዝኛ ከሚናገሩ አዛውንት እንግዳ ጋር ስትጫወቱ መሸባችሁ።
3. እያጠናችሁ ታናሽ ወንድማችሁ በቀልድ ያስቸግራችኋል።
4. «ጥናት እናጥና» ብሎ የመጣ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ እየተጠጋ አስቸገረ።

መልስ፦ 1. «አይም ኦፍ»። 2. «አይድ ቤተር ቢ ጎይንግ»። 3. «በዝ ኦፍ»። 4. «ባክ ኦፍ» ወይም «ሊቭ ሚ አሎን»፤ እዚህ ላይ «ፕሊዝ» ግዴታ አይደለም።

አራቱንም ካገኛችሁ ጎበዞች! ከተሳሳታችሁም ወደ ላይ ተመልሳችሁ አንብቡና ከጓደኛችሁ ጋር ተለማመዱት። መልካም ጥናት። በሉ እንግዲህ፣ «አይም ኦፍ»!