የመምህሩ ፎቶና የትምህርት ቤቱ ሥልጣን

አንዲት የግል ትምህርት ቤት መምህርት የእኅቷ ሠርግ ላይ ስትጨፍር፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ቢራ ይዛ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በዋና ልብስ የተነሣችውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች እንበል። አንድ ወላጅ ያየውና የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ያስጠሯታል። «ቲቸር፣ ወላጅ ተቆጥቷል፤ የትምህርት ቤቱ ስም በክፉ እየተነሣ ነው። ለአንቺም ለእኛም እንዲቀል መልቀቂያ ጻፊ» ይሏታል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መልቀቂያው ተጽፎ ከተፈረመበት በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ከዚያ በፊት እንዲነበብ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ አሠሪዎ ማን እንደሆነ ይለዩ። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በየክልሉ ወይም በከተማ አስተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራል። የሥራ መሪ የሚባል ሰው፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤቱን የሚመራ ርእሰ መምህር፣ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጥበቃ ውጭ ስለሆነ ከዚህ በታች የማነሣቸው አንቀጾች አይሸፍኑትም። ይበልጥ የማተኩረው በግል ትምህርት ቤት መምህራን ላይ ነው። «ባለቤቱ ካልፈለገኝ ነገ ጠዋት ያባርረኛል» የሚለው ፍርሃት የበረታው እነሱ ዘንድ ነው።

ይህ ፍርሃት ከሕጉ ጋር አይገጥምም። አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች አንቀጽ 27 አንድ በአንድ ዘርዝሯቸዋል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ፣ በሥራው ላይ ያታለለ፣ የአሠሪውን ገንዘብ ወይም ንብረት ለራሱ ያዋለ፣ በሥራ ቦታ ለተነሣ አምባጓሮ ተጠያቂ የሆነ፣ ከሥራው ጋር በማይጣጣም ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ያበላሸ፣ አንቀጽ 14(2) የሚከለክለውን የፈጸመ፣ እያለ ይቀጥላል። «የአሠሪውን ስም ያስነሣ» ወይም «ወላጅ ያስቀየመ» የሚል ግን አያገኙም። የቢራውን ፎቶ ብንወስድ አንቀጽ 14(2) የሚመለከተው በሥራ ላይ መጠጣትንና ሰክሮ ሥራ መግባትን ነው። ቅዳሜ ማታ በራስ ገንዘብ የተጠጣ ቢራ ሰኞ ክፍል ውስጥ እስካልታየ ድረስ ይህ አንቀጽ አይነካውም።

በማስጠንቀቂያ ማሰናበትም ቢሆን ምክንያት ይፈልጋል። አንቀጽ 28 የሚያነሣው ሥራን የመሥራት ችሎታ መቀነስን፣ በጤና ምክንያት መሥራት አለመቻልን፣ ድርጅቱ ሲዛወር አብሮ ለመሄድ አለመፈለግን፣ የሥራ መደቡ መሰረዝን ነው። ፎቶ እዚህም ቦታ የለውም።

ብዙ መምህራን ታዲያ «ስቀጠር የፈረምኩት ውል ላይ ስም የሚያጎድፍ ነገር ከለጠፍኩ እንደምሰናበት ተጽፏል» ይላሉ። ይህን ነጥብ በደንብ ማየት ያስፈልጋል። አንቀጽ 27 ዝርዝሩ እንዲሰፋ የሚፈቅደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ተጨማሪው ጥፋት በኅብረት ስምምነት ላይ ሲጻፍ። የኅብረት ስምምነት የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ተደራድረው የሚፈርሙት ነው። ባለቤቱ ብቻውን አስተይቦ መስከረም ላይ ለመምህራን የሚያድለው የሥነ ምግባር ደንብ ያንን ጉልበት አያገኝም። የሥራ ውልም ለሠራተኛው ከሕጉ ያነሰ ጥቅም ሊሰጥ እንደማይችል አዋጁ ይናገራል፤ ስለዚህ ሕጉ የማያውቀውን የማሰናበቻ ምክንያት በውል ማስገባት በእኔ እምነት ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማኅበር ከሌለ የኅብረት ስምምነት ሊኖር አይችልም። ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ አሥር ሠራተኛ ይበቃል፤ ይህንን የሚያውቅ የግል ትምህርት ቤት መምህር ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ይህ ማለት ደንቡን ይናቁት ማለት አይደለም። አሠሪ በሥራ ደንብ ስለ ዲሲፕሊን መደንገግ ይችላል። የትምህርት ቤቱን አርማ በግል ገጽ ላይ መጠቀምን፣ በትምህርት ሰዓት መቅረጽን ወይም የተማሪ ምስል መለጠፍን የሚከለክል ደንብ ተገቢ ነው፤ የጣሰውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቢሰጠው አይገርምም። ከማስጠንቀቂያ አልፎ እንጀራን ማሳጣት ግን የሕጉን በር ማለፍ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እነዚህ ፎቶዎች የሚቆጠሩት በማን ላይ ነው የሚለው ነው። ወንዱ መምህር ጃምቦ ይዞ የተነሣውን ማንም ሳያነሣበት፣ ሴቷ ትከሻዋ በታየበት ቀሚስ ቢሮ ትጠራለች። ያላገባች መምህርት እርግዝናዋ የታየበትን ፎቶ ስትለጥፍ «ለልጆች ምን ታስተምራለች» ይባላል። ሌላው በሃይማኖታዊ በዓሉ ልብስ፣ ሌላዋ በፖለቲካ ሰልፍ ላይ በመታየቷ ጥያቄ ይነሣባቸዋል። አንቀጽ 26 ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን፣ የጋብቻ ሁኔታን፣ ዘርን፣ እርግዝናን እና ማኅበራዊ አቋምን ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሆኑ በግልጽ ከልክሏል። በእነዚህ ምክንያቶች የተሰናበተ ሰው ጥበቃውም ከፍ ያለ ነው። በሌሎች ሕገ ወጥ ስንብቶች ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ መመለስን ወይም ካሳን ሊመርጥ ይችላል፤ በአንቀጽ 26 የተከለከለ ምክንያት ሲሆን ግን ሠራተኛው ራሱ ካልተወው በስተቀር አሠሪው ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ተመሳሳይ ፎቶ ለጥፈው ምንም ያልተባሉ ባልደረቦች ካሉ ማስረጃውን ያስቀምጡ፤ ክርክሩን የሚቀይረው እሱ ነው።

ፎቶ በእውነት ጣጣ የሚያመጣበት ጊዜም አለ፣ ይህንንም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። የሕመም ፈቃድ ወስዶ በዚያው ቀን ላንጋኖ የተነሣውን ፎቶ የለጠፈ መምህር የሚጠየቀው ስለ ፎቶው አይደለም፤ ስለ ማታለሉ ነው፣ ፎቶውም ማስረጃ ይሆናል። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ ጥላቻ የሚያነሣሣ ምስል ወይም ጽሑፍ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 በወንጀል ያስጠይቃል። የተማሪ ፊት ያለበት ፎቶ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የልጁም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይወጣም፤ ለሕፃን ፈቃዱን የሚሰጠው ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው። ልጅ ሲሳሳት፣ ሲያለቅስ ወይም ሲቀጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ መምህርን እኔም አልከላከልለትም።

አሁን ቢሮ ተጠርተው ፊት ለፊት ቆመዋል እንበል። መልቀቂያ አይጻፉ። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ያለአግባብ ተሰናበትኩ ብሎ ካሳ የመጠየቅ ዕድሉን በራሱ እጅ ይዘጋል፤ ተገድጄ ነው ቢልም ማስረዳቱ ከባድ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያውንም ቢሆን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። «ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ወረቀትም እዚያው ተቀምጠው አይፈርሙ። ይቅርታ መልካም ነገር ነው፣ በቃልም ይባላል፤ የተፈረመ ወረቀት ግን ነገ ችሎት ላይ እምነት ሆኖ ይቀርባል። «ያቀረባችሁብኝን ጉዳይ በጽሑፍ ስጡኝ፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። አሠሪ ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ ግዴታው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም ሠራተኛ በባሕርዩ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ስልክዎን ከፍተው እንዲያሳዩ ቢጠየቁ ግዴታ የለብዎትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ሳይቀር ይጠብቃል። ፎቶውንም ቸኩለው አያጥፉት፤ መጀመሪያ የተለጠፈበትን ቀን፣ ለጓደኞች ብቻ ወይስ ለሁሉም ክፍት እንደነበር፣ ማን እንዳጋራውና ከሥሩ ምን እንደተጻፈ የሚያሳይ ስክሪንሾት ያንሡ። ከዚያ ቢያጠፉትም ምንም አይደለም።

አሠሪውን ጊዜ ይገድበዋል። ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። ኅዳር ላይ ስለ ፎቶው አነጋግሮ ዝም ያለ ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ በዚያው ፎቶ ሊያሰናብት አይችልም። ሰኔ ላይ የሚመጣው ብልሃት ሌላ ነው፦ «ኮንትራትህ አልቋል፣ አናድስም»። የመምህርነት ሥራ በየዓመቱ የሚቀጥል ሥራ ነው፤ አዋጁ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውልን የሚፈቅደው በአንቀጽ 10 ለተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ በመሆኑ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ወረቀት መፈረምዎ ብቻውን ቋሚ ሠራተኛ ከመሆን አያግድዎትም። ለአደጋ የሚጋለጠው በሙከራ ጊዜ ላይ ያለው አዲስ መምህር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደለህም ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል።

የመንግሥት መምህር መንገዱ ይለያል። ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያጣራል፣ ቅጣቱም ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለሞራል ተቃራኒ የሆነ ድርጊት የሚለው ጥፋት ነው። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ይህ ጥፋት በሥራ ቦታ ከተፈጸመ ድርጊት ጋር የታሰረ ነበር፤ በበዓል ቀን እቤት የተነሣ ፎቶ በዚያ ስር የሚገባበት መንገድ አይታየኝም። ክልሎች የየራሳቸው አዋጅ ስላላቸው ክሱ የተጠቀሰበትን የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቀው ቃላቱን አንድ በአንድ ያንብቡ።

ፎቶውን ያሠራጨው ሰውም ነጻ አይደለም። ለጓደኞች ብቻ ከተለቀቀ ገጽ ወስዶ በወላጆች ግሩፕ ላይ ያዞረ ሰው ከላይ በጠቀስኩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ሊጠየቅ ይችላል፤ የዚያው ሕግ አንቀጽ 29 ምስሉ እንዳይታይ ማስቆምንና እንደ ሁኔታው ካሳን ይፈቅዳል። ከፎቶው ጋር የሚያዋርድ ነገር ጽፎ ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ይህ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ስለሆነ አመልካቹ ራስዎ ነዎት።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ምን ይገኛል? ወደ ሥራ መመለስ ካልሆነ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዝ 180 እጥፍ ነው፣ በግምት የስድስት ወር ደመወዝ። በወር 12,000 ብር የሚከፈላት፣ አራት ዓመት ያስተማረች መምህርት ካሳዋ 72,000 ብር ገደማ ይሆናል። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ 24,000 ብር ይጨመርበታል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ሌላ 24,000 ብር። በድምሩ 120,000 ብር የሚሆን መብት በአንድ ገጽ መልቀቂያ ይጠፋል።

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር፣ የካሳና የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልኮ መነጋገር ጥሩ ነው፣ ግን ቆጠራውን አያቆመውም። ክሱ በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት፣ በክልል በወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ሲሄዱ የቅጥር ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውን፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ ስክሪንሾቶቹን እና ቢሮ ሲጠሩ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ስሙን ይያዙ። ደብዳቤ አንሰጥም ካሉዎት ስንብቱ በቃል የተነገረበትን ቀን ጠቅሰው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ኮፒው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉበት።